በሥዕሉና በግንቡ መካከል

በየዓመቱ የትምህርት ክፍል ምደባ በሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ሁላችንም የምናውቀው አንድ ትርዒት አለ። አርኪቴክቸር የደረሰው ጓደኛችን ይታቀፋል፣ ይሳማል፤ ማታውኑ ሻይ ጋብዝ ይባላል። ሲቪል ምሕንድስና የደረሰው ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል። የሕንፃ ቴክኖሎጂ የደረሰው ግን ከሰሌዳው ፊት ዝም ብሎ ትንሽ ይቆማል። «አይዞህ፣ ይኸም እኮ ያው ነው» እንለዋለን። ያው ነው ብለን እንደማናምን እሱም ያውቃል። ለዕረፍት ቤተሰብ ዘንድ ሲሄድ ደግሞ «ታዲያ ተመርቀህ ምን ልትሆን ነው? ፎርማን?» የሚል ጥያቄ ይጠብቀዋል።

ይህች ጽሑፍ የተነሣችው «ፎርማን?» ከምትለው ከዚያች አንዲት ቃል ነው። ቃሊቱ ስድብ የሆነችው ለምንድን ነው? ማንስ ስድብ አደረጋት? መልሱን በትምህርት ክፍላችን መመሪያ ውስጥ ብንፈልገው አናገኘውም፤ ታሪክ ውስጥ ግን አለ። ስለዚህ እስቲ ወደ ኋላ እንመለስ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ሙያው ምን እንደ ሆነ እንስማማ። አንድ ተራ መስኮት እንውሰድ። መስኮቱ የት እንደሚሆን፣ ምን ያህል እንደሚሰፋ፣ ከየት ወገን ብርሃን እንደሚያስገባ አርኪቴክቱ ይወስናል። ከመስኮቱ በላይ ያለውን ግድግዳ የሚሸከመውን አርማታ መሐንዲሱ ያሰላል። እስቲ አሁን የሐምሌ ዝናብ ይምጣ። የመስኮቱ ደፍ ወደ ውጭ ምን ያህል ማዘንበል አለበት? ጠብታው ግድግዳውን እየላሰ እንዳይወርድ ከደፉ ሥር ምን ዓይነት ቦይ ይቀረፅለት? ፍሬሙ ከግንቡ ጋር በምን ይያያዝ? ቀድሞ የሚገባው ፍሬሙ ነው ወይስ ልስኑ? ለዚህ ሁሉ ስንት ኩንታል ሲሚንቶ፣ ስንት የሰው ቀን ይፈጃል? እነዚህን ጥያቄዎች የሚመልስ ሰው ከሌለ መስኮቱ በወረቀት ላይ ያምራል፤ በክረምት ግን ያለቅሳል። እንግዲህ የሕንፃ ቴክኖሎጂ ማለት ይኸው ነው፤ ሥዕሉ ግንብ እስኪሆን ድረስ ያለው ዕውቀት።

ሙያው በሌላውም ዓለም ቢሆን ስሙን ያገኘው በቅርብ ጊዜ ነው። በእንግሊዝ አገር የአርኪቴክቶች ንጉሣዊ ተቋም በ1962 ስለ አርኪቴክቶች ቢሮ አሠራር ጥናት አውጥቶ፣ በቴክኒክ በኩል የሚሠሩት ባለሙያዎች የራሳቸው ሥልጠናና የራሳቸው ድርጅት እንደሚያስፈልጋቸው አመለከተ። ባለሙያዎቹ በ1965 ማኅበራቸውን መሠረቱ፤ ማኅበሩም በ2005 ንጉሣዊ ቻርተር አገኘ። አርባ ዓመት ፈጀ ማለት ነው። በእኛ አገር ግን ዕውቀቱ ከስሙ በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል።

በትግራይ፣ በገመድ ብቻ በሚወጣበት በደብረ ዳሞ አምባ ላይ ያለው ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳው ድንጋይ ብቻ አይደለም። ድንጋዩ ጥቂት ከተገነባ በኋላ ረጅም እንጨት በአግድም ይጋደማል፤ እንደገና ድንጋይ፣ እንደገና እንጨት። አግድሞቹን ደግሞ አጫጭር ድብልብል እንጨቶች በግድግዳው ውፍረት ተሻግረው ይነክሷቸዋል፤ ጫፋቸውም ወደ ውጭ ብቅ ይላል። «የዝንጀሮ ራስ» የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ጎብኚ ሲያያቸው ጌጥ ይመስሉታል። ሥራቸው ግን በጭቃ የተያያዘው ግንብ እንዳይከፈት ውስጡንና ውጩን አንድ ላይ ማሰር ነው። በ1948 እንግሊዛዊው አርኪቴክት ዴሪክ ማቲውስ የዚህን ቤተ ክርስቲያን እድሳት ሲመራ፣ ለማደስ በመጀመሪያ የጥንቱ አናጢ ምን አስቦ እንደ ነበር ከእንጨቱ ከራሱ መማር ነበረበት።

አክሱም ላይ ያሉትን ሐውልቶች ልብ ብለን ከተመለከትናቸው ደግሞ አንድ የሚያስገርም ነገር እናገኛለን። በ1937 ወደ ሮም ተወስዶ፣ በ2005 ተመልሶ፣ በ2008 በቦታው የተተከለው ሐውልት ቁመቱ 24 ሜትር ያህል ሲሆን ሁለመናው አንድ ወጥ ድንጋይ ነው። አንድም እንጨት የለውም። ነገር ግን በር ተቀርፆበታል፣ መስኮት ተቀርፆበታል፣ አግድም እንጨቶችና የዝንጀሮ ራሶችም ተቀርፀውበታል። ማለትም ጠራቢው አንድ የአክሱም ሕንፃ እንዴት እንደሚገጣጠም በድንጋይ ላይ አስቀምጦልናል። እኛ ዛሬ «ዲቴል» እያልን በወረቀት ላይ የምንሠራውን ሥዕል እነሱ በዓለት ላይ ሠሩት። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ከአለቱ የፈለፈሉትም ቢሆኑ የዝናቡን ውኃ አልረሱትም፤ በዙሪያቸው ያሉት ጉድባዎች ውኃው እንዳይተኛ አዘንብለው የተቆረጡ ናቸው። ንጉሡን እናውቃለን፤ ቤተ ክርስቲያኑ የተሰየመበትን ቅዱስ እናውቃለን። የጉድባውን ተዳፋት ያሰላውን ሰው ስም ማን ያውቃል?

ቁስላችን የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ያ ሰው ስሙ የጠፋው የሚጽፍለት ስለ ታጣ ብቻ አይደለም፤ የእጅ ሥራ ክብር ስላልነበረውም ነው። ብረት ቀጥቃጩ «ጠይብ»፣ ቆዳ አልፊው «ፋቂ»፣ ሸክላ ሠሪዋ «ቡዳ» ስትባል የኖረችበት አገር ነው። በጎንደር ዘመን ከነገሥታቱ ግንበኞችና አናጢዎች መካከል ርስት የተነፈጉት ቤተ እስራኤል ይገኙ ነበር። ግንባቸውን ወደድንላቸው፤ እነሱን ግን በማታ ጅብ ይሆናሉ አልናቸው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1908 ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር መድረሳቸው ነገሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበር ያሳያል። አዋጅ የሚታወጀው ለሌለ ነገር አይደለምና።

ውጤቱም በአዲስ አበባ ታየ። ከተማይቱ በ1886 ተቆረቆረች። ቤተ መንግሥቱም፣ ድልድዩም፣ የድንጋይ ቤቱም ባለሙያ ሲፈልግ ሕንዱ፣ አርመኑ፣ ግሪኩ መጣ። ተራው ሰው ግን ቤቱን እንደ አባቶቹ በጭቃ ሠራ፤ አዲሱ ነገር ባሕር ዛፉና ቆርቆሮው ብቻ ነበር። ከዚያ ጣሊያን መጣ፤ አምስት ዓመት ቆይቶም ሄደ። ሲሄድ በግንባታ ቦታ የተወው ቋንቋ ግን እስከ ዛሬ አለ። አርማታ፣ ፌሮ፣ ብሎኬት፣ ሶሌታ፣ ባሬላ፣ ካፖ፦ እነዚህ ቃላት ከየት መጡ? ወገኖቻችን በዚያን ጊዜ ባሬላ ሲሸከሙ ከሰሙት ነው። እኛ ደግሞ በክፍል ውስጥ የምንማረው በእንግሊዝኛ ነው። ምሰሶ፣ ማገር፣ ወጋግራ፣ ጭድ የሚለው የአባቶቻችን አማርኛም አለ። ስለዚህ የሕንፃ ቴክኖሎጂ ተማሪ ሳይወድ በግዱ ሦስት ቋንቋ መቻል አለበት፦ የክፍሉን፣ የሳይቱንና የቤቱን። አንዱን ብቻ ይዞ የወጣ፣ ከሁለቱ ወገን ጋር አይግባባም።

አዲስ አበባ ላይ የቴክኒክ ትምህርት ቤት በ1942 ተከፈተ። የከፍተኛ ትምህርቱ ታሪክ የሚጀምረው ግን በ1954 የኢትዮጵያና የስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ተቋም ልደታ አካባቢ ሲቋቋም ነው። «ሕንፃ ኮሌጅ» እያልን የምንጠራው ማለት ነው። የዚህ ተቋም አሳብ ዛሬም ቢሆን የሚያስቀና ነው። ማስተማር ብቻ አልነበረም ሥራው፤ የግንባታ ዕቃ የሚፈተንበት ላቦራቶሪና በአገሩ ቤት አሠራር ላይ የሚደረግ ምርምር አብረውት ነበሩ። አስተማሪውም፣ ተመራማሪውም፣ ብሎኬቱን በመጭመቂያ የሚሰብረውም በአንድ ግቢ ውስጥ ይገናኙ ነበር። ተማሪው የሲሚንቶን ጥንካሬ ከመጽሐፍ አንብቦ ብቻ አያምንም፤ ሲሰበር ያያል። በ1961 ዩኒቨርሲቲው ሲመሠረት ሕንፃ ኮሌጅ ከአባል ኮሌጆቹ አንዱ ሆነ፤ ኋላም ከቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ጋር ተቀላቀለ፤ በ2010 ደግሞ የአርኪቴክቸር፣ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ተቋም ተብሎ እንደገና ተደራጀ።

በዚያው ዘመን አዲስ አበባ መልኳን ትለውጥ ነበር። የአፍሪካ አዳራሽ በ1961 ተመረቀ፤ የማዘጋጃ ቤቱ ሕንፃም ተከተለ። የሁለቱም ንድፍ የጣሊያናዊው አርቱሮ ሜዜዲሚ ነበር። ሌሎቹን ትላልቅ ሕንፃዎች ፈረንሳዊው አንሪ ሾሜት፣ እንዲሁም እስራኤላዊው ዛልማን ኤናቭ ከአገራችን ልጅ ከሚካኤል ቴድሮስ ጋር ሆነው ነድፈዋል። እነዚህን ስሞች በክፍል ውስጥ እንማራለን፤ ተገቢም ነው። ግን የማዘጋጃ ቤቱን ማማ ቀና ብሎ ያየ ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቅ፦ ሥዕሉን ለግንበኛው ያስረዳው ማን ነው? አርማታው እስኪጠና ውኃ መጠጣቱን የተቆጣጠረው ማን ነው? ሥራው የተገኘው በታሪክ ያልተጻፉ ሰዎች ስለ ነበሩ ነው። ከደብረ ዳሞው አናጢ እስከ እነሱ ድረስ መስመሩ አልተቋረጠም፤ የስም አልባነቱም መስመር እንደዚያው።

ተማሪው ከከተማ ወጥቶ ገጠሩን እንዲያውቅ ያደረጉ ነገሮችም ነበሩ። ከ1964 ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ አገልግሎት ይሰጥ ነበር። በስዊድን ርዳታ የሚካሄደው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግንባታም በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ተስፋፋ። በ1974 መጨረሻ ደግሞ የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ታውጆ በአሥር ሺሕዎች የሚቆጠር ተማሪና አስተማሪ ወደ ገጠር ወረደ። የዘመቻውን ፖለቲካ ታሪክ ጸሐፊዎች ይፍረዱት። እኛ የምንለው፣ በየቀበሌው ትምህርት ቤትና ጤና ኬላ ለመሥራት ምሰሶ ሲተከል፣ የእንጨቱ እግር አፈር ውስጥ ሲቀበር ምስጥና ርጥበት በጥቂት ዓመት እንደሚጨርሰው፣ ከሥሩ የድንጋይ መሠረት ቢደረግለት ግን ዕድሜው እንደሚረዝም የሚያውቅ ሰው ከመቶ ተናጋሪ ይጠቅም ነበር።

ከዚያ በሐምሌ 1975 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች አዋጅ ወጣ። በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ መሬት ሁሉና ከአንድ በላይ የሆነ ቤት የመንግሥት ሆነ። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ወደ ቀበሌ ተላለፉ፤ ኪራይም ተቀነሰ። ለተከራዩ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ቤት እንደ ሰው ነው፤ ካልታከመ ይሞታል። ቆርቆሮው ሲዝግ፣ ጭቃው ሲረግፍ፣ የምሰሶው እግር ሲበሰብስ ማን ያድስ? ከዚያች ትንሽ ኪራይ የሚተርፍ ገንዘብ የለም፤ ለቀበሌው የተመደበ ባለሙያም የለም። በዚህ ሁኔታ አሥርና ሃያ ዓመት ሲያልፍ ሰፈሩ ሁሉ አዘነበለ። ኋላ «ያረጀ ሰፈር ነው፣ ይፍረስ» ሲባል የፈረሰው ጭቃው ብቻ አልነበረም፤ እድሩ፣ ጉርብትናው፣ ቡናው አብሮ ተበተነ። ጥገና የሚባለውን የሙያችንን ቅርንጫፍ ማንም ባይንቀው ኖሮ ስንቱ ቤት በቆመ ነበር!

አዲስ ቤት ሲሠራም ቢሆን ጉዳዩ ያው ነው። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች በሰፊው ሲሠሩ ዋጋ ለመቀነስ ተብሎ አዲስ አሠራር ገባ። ወለሉ ሙሉ በሙሉ አርማታ በመሆን ፋንታ አስቀድሞ የተዘጋጀ ቀጭን ተሸካሚ ይደረደራል፤ በመካከሉ ባዶ ብሎኬት ይገባል፤ ከላይ ስስ አርማታ ይፈስበታል። ሲሚንቶና ፌሮ ይቆጥባል፤ የመወጠሪያ እንጨትም ይቀንሳል። ብሎኬቱን የሚያመርቱት በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጁ ወጣቶች ነበሩ። ይህ አሳብ ከቢሮ ወጥቶ በአምስተኛ ፎቅ ላይ ወለል እስኪሆን ድረስ የሚያልፈው በማን እጅ ነው? ብሎኬቱን የሚፈትነው፣ መጠኑን የሚያሰላው፣ ግንበኛውን የሚያሠለጥነው፣ «ይህ አይሆንም፣ ይፍረስ» የሚለው፣ የክፍያ ሰነዱን የሚያዘጋጀው ያ ከሰሌዳው ፊት ዝም ብሎ የቆመው ጓደኛችን ነው።

አሁን እንግዲህ «ተመርቀህ ምን ልትሆን ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ አለን። አንዱ በአማካሪ ቢሮ ተቀምጦ የአርኪቴክቱን ንድፍ ወደ ሥራ ሥዕልና ወደ ዲቴል ይለውጣል። አንዱ የሥራ ብዛት ይሰፍራል፣ ዋጋ ይተምናል፣ የጨረታ ሰነድ ያዘጋጃል። አንዱ በሥራ ተቋራጩ በኩል ሳይት ያስተዳድራል፤ ሌላው በባለቤቱ በኩል ሆኖ ይቆጣጠረዋል። አንዱ ላቦራቶሪ ይገባል። አንዱ በክፍለ ከተማ የግንባታ ፈቃድ ክፍል ይቀመጣል፤ የሕንፃ አዋጅ ሕንፃዎችን በደረጃ ለይቶ ፈቃድና ቁጥጥር ስለሚጠይቅ አዋጁን በሥራ ላይ የሚያውል ሰው ያስፈልጋል። አንዱ በቴክኒክና ሙያ ያስተምራል፤ አንዱ ብሎኬት ያመርታል፤ አንዱ የቅርስ ጥገናን ይመርጣል።

የመጨረሻውን በቀላሉ አንለፈው። በ1950ዎቹ የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ከውኃ ለመከላከል ተብሎ ሬንጅ ተቀቡ፤ በላዩም ቀይ ቀለም ተደረገ። አሳቡ ክፉ አልነበረም። ሆኖም ድንጋይም ይተነፍሳል፤ የገባበት ርጥበት መውጫ ይፈልጋል፤ ስለዚህ በ1960ዎቹ መጨረሻ በጣሊያናዊው አርኪቴክት ሳንድሮ አንጄሊኒ መሪነት ያ ሬንጅ ተፍቆ መነሣት ነበረበት። ስምንት መቶ ዓመት የቆመ ነገር፣ ዕቃውን ባልጠየቀ ሰው ቅን አሳብ ሊጎዳ ይችላል። ይህን ታሪክ የምናነሣው ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ ሙያችን ከባድ መሆኑን ለራሳችን ለማስታወስ ነው።

ራሳችንንም አንማር። ንቀቱን ከውጭ ብቻ ያመጣነው አይደለም፤ በውስጣችንም ይዘነዋል። ስንቶቻችን ነን አውቶካድ ላይ ሌሊቱን አንግተን፣ አንድ ቀን ግን አካፋ ያልጨበጥን? ለልምምድ ሳይት ስንወጣ አንድ ሳጥን ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር መሆኑን ከመጽሐፍ እናውቃለን። አቡኪው ግን ውኃውን በዓይኑ ይጨምራል፤ እንዲቀለው ብሎ ያቀጥነዋል። ውኃ በበዛ ቁጥር አርማታው እንደሚደክም እናውቃለን፤ ታዲያ ለምን ዝም አልን? ጫማችን እንዳይቆሽሽ ራቅ ብለን ስለ ቆምን ነው። ሠላሳ ዓመት የገነባው ፎርማን ደግሞ ከጥላው ሥር ሆኖ ያየናል፣ ይስቃል። መሳቁ ትክክል ነው። እሱ እጁ የሚያውቀውን በወረቀት መግለጽ አልተማረም፤ እኛ በወረቀት የምናውቀውን በእጃችን አልሞከርነውም። ሁለት ግማሽ ሰዎች በአንድ ሳይት ላይ ተፋጠዋል።

ያንን ክፍተት የሚሞላ ትምህርት ነው የሕንፃ ቴክኖሎጂ። ስለዚህ ይህን ክፍል የሚያከብረው ሰው እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም፤ እኛው እንጀምር። ዕረፍት ሲሆን በአቅራቢያችን ባለ ሳይት ሄደን ከግንበኛው ጋር አንድ ሳምንት እንዋል። አያቶቻችን ጭቃውን ከጭድ ጋር ለምን እንደሚያከርሙት፣ ለልስን ስንት ቀን እንደሚበቃው ጠይቀን እንጻፍ፤ እነሱ ካለፉ በኋላ የሚነግረን የለም። በመረሬ አፈር ላይ የተሠራ ቤት ለምን በበጋ እንደሚሰነጠቅ ለጎረቤቶቻችን በሚገባቸው አማርኛ እናስረዳ። በምረቃ ጽሑፋችንም ላይ ያስተማረንን ግንበኛ ስም እንጻፍ። አዎ፣ ስሙን! ከአክሱም እስከ አዲስ አበባ ድረስ የጠፋው እሱ ነውና።

በሚቀጥለው ዓመት ምደባው በሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ፣ ዝም ብሎ የሚቆም ጓደኛ ካየን «አይዞህ» አንበለው። ሻይ እንጋብዘው። ቤተሰቡ ዘንድ ሲሄድም «ፎርማን ልትሆን ነው?» ቢሉት «እሱን ካወቅሁማ በቃኝ፤ ከእሱ ነው የምማረው» ብሎ ይመልስ።